በሯን ዘግታ አታውቅም

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ሳልነግራት ቀበርኳት። ለንስሐ አባቴስ? ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ለእሳቸው የነገርኳቸው አስመስያለሁ። «አባቴ፣ በአንደበቴ ሰው በድያለሁ» አልኳቸው፤ እሳቸውም ከጎረቤት የተጣላሁ መስሏቸው አርባ ስግደት አዘዙኝ። ሰገድኩ። ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድኩ። ግን ላልተናገርኩት ኃጢአት መስገድ ምን ይሉታል? ኑዛዜዬን እንኳ ሸፋፍኜ ያቀረብኩ ሰው ነኝ፤ እንግዲህ ከዚህ ይነሱና ይመዝኑኝ።

ዛሬ ግን እርስዎን፣ ፊትዎን የማላየውን አንባቢ፣ እንደ ንስሐ አባት ቆጥሬ በግልጽ እናገራለሁ። የገዛ ልጄን ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሰው ገፋፍቶኝ አይደለም፤ ሰክሬም አይደለም። ልጄ ለሥራ ወደ ሞጣ ስትሄድ ቤተሰቡ ሁሉ ዕቃዋን ይዞ ሊያደርሳት ወጣ። እኔም ፍራሽዋን ተሸክሜ ባስገባሁበት ቤት ደጃፍ ቆሜ አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ። አንዲት ብቻ። እሷው በቃች።

እኔ የብቸና ሰው ነኝ። በልጅነቴ ቅኔ ቤት ነበርኩ፤ ኋላ የመንግሥት ትምህርት ገባሁና ጡረታ እስክወጣ ድረስ አማርኛ ሳስተምር ኖርኩ። አገሬው ግን እስከ ዛሬ «የኔታ» ነው የሚለኝ፤ ግማሹ ለክብር፣ ግማሹ ለቀልድ። የቅኔ ነገር መቼም ይታወቃል። ቃሉ ላይ ላዩን አንድ ነገር ይላል፣ እሱ ሰሙ ነው፤ ውስጡ ደግሞ ሌላ ይላል፣ እሱ ወርቁ ነው። የእኛ አገር ሰው ሲመርቅም ሲዘልፍም በዚሁ ነው። እኔማ ባሰብኝ። ጨው አቀብሉኝ ለማለት እንኳ በቀጥታ መናገር ይተናነቀኝ ነበር።

ችግሩ ሰሚ ማጣት ነው። ሚስቴ ብርቄ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ያንተን ወርቅ አንጥረኛም አይገዛው!» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ታላቁ ልጄ አንዳርጌ ደጀን ላይ ብረት በያጅ ነው፤ እሱ ደግሞ «አባባ፣ በቀጥታ ይንገሩኝ እንጂ» ይላል። የመጨረሻዋ ልጄ እናኑ ግን ሌላ ነበረች። አንድ ጊዜ እንግዶች ተቀምጠው ስለ አንድ አስተማሪ ባልደረባዬ ተነሳ። እኔም «እሱ ሲያስተምር ሰዓት አይታወቅም» አልኩ። እንግዶቹ ያደነቅኩት መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እናኑ ግን ገና አስር ዓመት ሳይሞላት፣ በሩ ሥር ሆና አፏን በሻሿ ይዛ በሳቅ ፍርስ አለች። ሰውየው ሁልጊዜ አርፍዶ እንደሚገባ ታውቃለቻ! ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ የምናገረው ለእሷ ነበር። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ቃል ወርወር አደርግና ዓይኗን አያለሁ፤ ዓይኗ ከሳቀ ቀኔ ተሳካ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህች ልጅ ፋርማሲ ተምራ ተመረቀች። ዓመት ያህል እቤት ተቀመጠች። አንድ ቀን ምሳ ላይ እጇን እየታጠበች፣ «አባባ፣ ሞጣ መድኃኒት ቤት ሥራ አገኘሁ። ቤትም ተከራይቻለሁ» አለች። የአማርኛ አስተማሪ ነኝና በአንዲት «ም» ቆሰልኩ። «ቤትም»! ሥራውን አገኘች እሺ፤ ቤቱንም ሳትነግረኝ ጨርሳዋለች ማለት ነው። እናቷ እልል አለች። እኔም «እግዚአብሔር ይርዳሽ» አልኩ። አፌ ነው ያለው። ሆዴ ግን «ማን ሊሰማኝ ነው?» ይል ነበር።

ለፍቅር ብዬ ነው ያደረግኩት ለማለት ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ መሰለዎት! ልጅ ሲለይ ሆድ ይባባል፤ ሴት ልጅ በሰው አገር እንዴት ትሆናለች ብሎ ማሰብ ያባት ወግ ነው፤ ይህን ሁሉ ለራሴ ብያለሁ። ውሸት ነው። ሞጣ ምን ሩቅ ነው? መኪና ቢፈጥን የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይደለም። እኔ የፈራሁት ለእሷ አልነበረም። ቃሌን የሚሰማ ጆሮ ከቤቴ ሊወጣ ስለሆነ ነው። ለዚህ ብዬ ነው። አንባቢዬ፣ ለዚህ ብቻ ብዬ ነው።

የምትሄድበት ቀን ደረሰ። ጥቅምት ነበር። አንዳርጌ አንድ ወዳጁን ለምኖ አይሱዙ ይዞ መጣ፤ የመፍቻ ሳጥኑንም ይዟል። ብርቄ ሳምንት ሙሉ ስታሰናዳ ከርማ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ድርቆሹን በማዳበሪያ ሞልታ ሰፍታዋለች። ፍራሽ፣ ቡታጋዝ፣ ሁለት ጀሪካን፣ አንድ ሳፋ፣ አንድ ዱካ። የእናኑ ቤት ይኸው ነበር። እኔም ተሸከምኩ። ወገቤን እየያዝኩ ተሸከምኩ፤ ጎረቤቱም «የኔታ፣ አባት ማለት እንዲህ ነው!» አለኝ። ምስጋናውን ዓይኔን በጨው አጥቤ ተቀበልኩ። በልቤ ግን ጎማው በፈነዳ፣ መንገዱ በተዘጋ እያልኩ እመኝ ነበር። ደብረ ወርቅን አለፍን፤ ጎማው አልፈነዳም። ግንደ ወይንን አለፍን፤ መንገዱም አልተዘጋ። እናኑ ከእናቷ ጋር ከኋላ እየዘፈነች ነበር።

አከራይዋ ወይዘሮ ትርንጎ ይባላሉ። ግቢያቸው ጥርግ ያለ፣ ባለ ሁለት ሰርቪስ ቤት ነው። ገና እንደገባን ውሃ አቀረቡልንና፣ «ቤቱ እንኳ ጠባብ ነው፤ ሆድ ካልጠበበ ግን ለሁለት ይበቃል» አሉ። ጆሮዬ ቀጥ አለ። ከየት እንዳመጡት ብጠይቃቸው የቅኔ መምህር ልጅ ኖረዋል። አባታቸው ሞጣ አካባቢ ወንበር ዘርግተው ያስተምሩ ነበር አሉኝ፤ እሳቸውም እያገለገሉ ያደጉት ከጉባኤው ዳር ነው። በሌላ ቀን ቢሆን እንዲህ ያለ ሰው በማግኘቴ ደስታውን አልችለውም ነበር። ያን ቀን ግን ሌላ ነገር መጣልኝ። ይህች ሴት ይገባታል አልኩ። ምንም ሳልናገር ሁሉንም ልነግራት እችላለሁ አልኩ።

አሰብኩበት፤ አምልጦኝ አይደለም። ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው ያሰብኩት፤ ግን አሰብኩበት። ሂሳቤም እንዲህ ነበር። ሴትዮዋ ልጄን ይጠረጥሯታል፣ «ይቅርታ፣ ቤቱን ለሌላ ሰው ቃል ገብቼ ኖሯል» ይላሉ፤ መኪናው እንደሆነ ውጭ ቆሟል፤ ዕቃዋን መልሰን ጭነን ከመምሸቱ በፊት ብቸና እንገባለን። ማን ይጎዳል? አንድ ቤት ቀረባት፤ በቃ። ደግሞ እኔ ምን ዋሸሁ? ሰሙን ነው የተናገርኩት፤ ወርቁን ያወጣ ራሱ ይጠየቅበት! እንዲህ እያልኩ ከራሴ ጋር ተስማማሁ።

አንዳርጌ ለእናኑ በር አዲስ መሸጎሪያ ሲገጥም ብሎን ጎደለውና ሱቅ ሄደ። ብርቄ እወጥ ቤት ነበረች። እናኑ ውስጥ ዱካዋ ላይ ቆማ ለመጋረጃው ምስማር ትመታለች፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። እኔና ወይዘሮ ትርንጎ ደጃፉ ላይ ቆመናል። እሳቸው መሸጎሪያውን ነካ አደረጉና እየሳቁ፣ «ምነው እንዲህ አጠነከራችሁት? ልጅቱ በር መዝጋት ትወዳለች መሰል» አሉ።

«ኧረ ወዲያ!» አልኩ። ከዚያ ዝም አልኩ። መሬት መሬት አየሁ፤ ተነፈስኩ። ያንን ዝምታ አውቄ ነው ያስገባሁት፤ ባለሙያ ነኝና ዝምታው ከቃሉ እንደሚበልጥ አውቃለሁ። ከዚያ፣ «የኔ ልጅ በሯን ለእንግዳ ዘግታ አታውቅም» አልኩ። ቀጠል አድርጌም፣ «መቼም የመምህር ልጅ ነዎት፤ ለእርስዎ አይተረጎምም» አልኳቸው።

የምስማሩ ኳኳታ ቆመ። ለጥቂት ብቻ ነው የቆመው፤ ወዲያው ቀጠለ። ሌላ ምስማር እየፈለገች ነው አልኩ።

የወይዘሮ ትርንጎ ፊት ሲጨማደድ አየሁት። እጃቸውን ከመሸጎሪያው ላይ አነሱ። እንደ እሳቸው ያለ ጆሮ የሌለው ሰው ቢሰማ፣ እንግዳ ተቀባይ ናት ብዬ ያመሰገንኳት ይመስለው ይሆናል። እሳቸው ግን ማን ቢያንኳኳ፣ በየትኛውም ሰዓት፣ የትኛውም ወንድ ቢመጣ እንደሚገባ ነው የሰሙት። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። አንገታቸውን ሰበር አድርገው «ገባኝ፣ የኔታ» አሉ። «ገባኝ።»

ልጄ ግን ምን ነበረች? ከቤት ሥራ፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመጽሐፏ ሌላ የማታውቅ ልጅ ነበረች። ይህን ከእኔ የበለጠ ማን ያውቃል?

ከዚያ ጥበቃ ሆነ። ብርቄ የጋገረችውን ድፎ ቆረሰች፤ ሁላችንም እግቢው ውስጥ ተቀምጠን በላን። እኔ የወይዘሮ ትርንጎን ከንፈር ነው የማየው። አሁን ይላሉ፣ አሁን ጠርተው ያናግሩኛል እላለሁ። እሳቸው ግን ዳቦውን ብቻ ይበላሉ። እናኑን ሰረቅ አድርገው ያያሉ፤ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። አንዳርጌ መሸጎሪያውን ጨርሶ ሦስት ጊዜ እየከፈተ እየዘጋ አሳየን። መጋረጃው ተሰቀለ። ፍራሹ ተነጠፈ። ሂሳቤ እንደተበላሸ ገባኝ። ሴትዮዋ ሊያባርሯት አይደለም። ይዘዋት፣ የነገርኳቸውንም ነገር በሆዳቸው ይዘው ሊቀመጡ ነው።

ስንነሳ ወጉ ደረሰ። ብርቄ የወይዘሮ ትርንጎን ትከሻ ስማ፣ «እትዬ ትርንጎ፣ ልጄን አደራ! የሰማይ አደራ፣ የምድር አደራ!» አለች፤ እንባዋ ይወርዳል። ወይዘሮ ትርንጎ እሷን አይተው አልመለሱም። እኔን አዩኝ። «አደራውን የኔታ ሰጥተውኛል» አሉ።

ብርቄ «እሰይ፣ ተባረኩ!» አለች። ምን ታውቃለች? ያን ጊዜ አፍ ነበረኝ። «ኧረ እመቤት፣ ቅድም ያልኩዎት ቀልድ ነው፤ ልጄ ንጹሕ ናት» ብል በሁለት ቃል ያልቅ ነበር። አላልኩም። ነገሩን ካነሳሁት ምን አስቤ እንደተናገርኩ ሊታወቅብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። እናኑ ጉልበቴን ስማ ቀና ስትል ዓይኗ ዓይኔን ፈለገ፤ እኔ ወደ መኪናው ዞርኩ። መንገድ ላይ ብርቄ «ምን ብለህ ነው አደራ ያልካቸው?» አለችኝ። «እንደ ወጉ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ያህል ሰላም ነበር። እናኑ በየሁለት ቀኑ ትደውላለች። ሥራውን ወደደችው፤ አከራይዋ ግን ትንሽ ቆጠብ የሚሉ ሴት ናቸው አለች። እኔ እፎይ አልኩ። ረስተውታል አልኩ። ከዚያ እናቷ ስልኩን ይዛ እየተሽኮረመመች መጣች። ጌታሁን የሚባል የኬሚስትሪ መምህር፣ የሞጣ ልጅ፣ ልጃችንን ሊያገባ አስቧል፤ ከጥምቀት በኋላ በሁለተኛው እሑድ ጠዋት ሽማግሌ ይልካል። ስልኩን ሰጠችኝ። እናኑ «አባባ፣ ይመርቁኛል?» አለች። መረቅኳት። በዚያችም ቀን ልናገር እችል ነበር፤ አልተናገርኩም።

ያ እሑድ መጣ። ጠላው ተጠምቋል፤ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፤ አንዳርጌም ከደጀን መጥቷል። እኔ የታጠበ ጋቢ ለብሼ ወደ በሩ ዞሬ ተቀመጥኩ። ሽማግሌ ማልዶ ነው የሚመጣ። ቅዳሴ ወጣ፤ አልመጡም። መኪና ተበላሽቶባቸው ይሆናል ተባለ። ረፈደ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ብርቄ ትነሳለች፤ ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ ተመልሳ ትቀመጣለች። እኔ አልተነሳሁም። ለምን እንደማይመጡ ከሁሉም በፊት ያወቅኩት እኔ ነኝ። እንዲያም ሆኖ «ትንሽ እንጠብቅ» እላለሁ። እኩለ ቀን ላይ እናኑ ደወለች። «እማዬ፣ አትጠብቁ፤ ቀርቷል» ብላ ዘጋችው።

በማግስቱ አንዳርጌ ሞጣ ሄዶ እሷንም ዕቃዋንም ይዞ መጣ። ፍራሹን ከመኪና እየጎተተ፣ ደም ሥሩ ተገትሮ፣ የሆነውን ነገረን። የልጁ እናት እንደ አገሩ ልማድ የልጅቱን ጠባይ ልታጣራ ወደ አከራይዋ ሄዳለች። አከራይዋም ከብዙ ልመና በኋላ፣ «እኔ በዓይኔ ያየሁባት ክፉ የለም፤ ግን በሯን ለእንግዳ ዘግታ አታውቅም የሚል ሰምቻለሁ» ብለዋታል። የልጁ እናትም ይህንኑ ይዛ አገር አዳረሰችው። መድኃኒት ቤቱ ድረስ እየመጡ የሚያፏጩባት ወንዶች ነበሩ አለ አንዳርጌ። ዓረፍተ ነገሬን፣ አንድም ቃል ሳይጎድል፣ ከገዛ ልጄ አፍ ሰማኋት። እሱ የአባቱ ቃል መሆኗን አላወቀም።

ብርቄ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች። ወደ ምሥራቅ ዞራ፣ «የልጄን ስም ያጠፋ አንደበት ይታሰር! እንደሷ ደጁ የሰው ያለህ ይበል!» አለች። ዞር ብላ አየችን፤ «አሜን በሉ እንጂ!» አለች። አንዳርጌ «አሜን!» አለ። እኔም አልኩ። አዎ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አሜን አልኩ። እናኑ ብቻ አላለችም። ማዳበሪያውን ደገፍ ብላ ቆማ፣ እኔን እኔን እያየች፣ «ተይ እማዬ፤ አትርገሚ» አለች። የዋህነቷ ነው አልኩ።

ምላሴ እስከ ዛሬ አልታሰረም። እግዚአብሔር የብርቄን ጸሎት ሳይሰማ ቀርቶ ይሆን? ወይስ ልጄ አሜን ስላላለች ነው? ብርቄ በሦስተኛው ዓመት በኩላሊት ሞተች። እስከ መጨረሻው ወይዘሮ ትርንጎን ስትረግም ነው የኖረችው፤ ምንም ያልዋሹትን ሴት። እኔ አልጋዋ ሥር ተቀምጬ ውሃ እያጠጣኋት ዝም እል ነበር።

እንግዲህ የተመኘሁትን አገኘሁ። እናኑ ከእኔ ጋር ቀረች። ብቸና መድኃኒት ቤት ተቀጠረች፤ ማለዳ ትሄዳለች፣ ማታ ትመጣለች፣ ጋቢዬን ታጥባለች፣ ሽሮዬን ትሠራለች። ጌታሁን ሌላ አገባ። ሌሎች ሽማግሌ ሊልኩ ሲጠይቋት «አይ» ትላለች። ክፉ ቃል ወጥቷት አያውቅም። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። ቃል ወርወር ሳደርግላት እንደ ድሮው አትስቅም። ሰም አቅርቤ ወርቁን አውጪ ስላት፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል «አይገባኝም፣ አባባ» ትላለች። ሌላ እሞክራለሁ፤ በጣም ቀላሉን፣ በአስር ዓመቷ የምትፈታውን። «አይገባኝም፣ አባባ።» ሐዘን አእምሮዋን አደነዘዘው ብዬ አለቀስኩላት። አይ እኔ! ለራሴ ነው ያለቀስኩት። ልጄን ከነጆሮዋ ላስቀር ብዬ፣ ጆሮዋን አጥቼ ልጄን አስቀረሁ።

ዘንድሮ ከመስቀል በኋላ ባሕር ዳር ሥራ አገኘች። «አባባ፣ እሄዳለሁ» አለችኝ። በዚህኛው «ም» የለበትም፤ እንድመርቃትም አልጠየቀችኝም። የእህቴ ልጅ እኔን እያየች እቤት እንድትቀመጥ አዘጋጅታ ጨርሳለች። አንዳርጌ እንደ በፊቱ መኪናና የመፍቻ ሳጥኑን ይዞ መጣ። እኔም ልሂድ አልኩ፤ አልከለከለችኝም። ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ሞጣን አቋርጦ ነው። ሞጣ ስንደርስ እናኑ መስኮቱን ዘጋችና ነጠላዋን ተከናንባ ከተማው እስኪያልቅ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ሆነች።

እኔ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ሳጠና ነበር። አዲሱ አከራይ ስለ ልጄ ሲጠይቀኝ የምመልሰውን። ሰምም ወርቅም የሌለበት፣ ሕፃን የሚረዳው ዓረፍተ ነገር። «ልጄ ጨዋ ናት። ሠርታ የምታድር፣ ስሟ ንጹሕ የሆነ ልጅ ናት።» ስንት ዓመት ያስተማርኩት አማርኛ፣ ይህችን ለማቃናት ግን አፌ ተሳሰረ። እየደጋገምኩ አጠናኋት። ይህችን ብናገር የበፊቷ ትሰረዝልኛለች ብዬ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሞኝ ነኝ።

ደረስን። አከራዩ ጎልማሳ ሰውዬ ናቸው፤ በሩ ላይ ጨበጡኝና፣ «የልጅቱ አባት ነዎት? እንግዲህ ስለ ልጅዎ ይንገሩን እስቲ» አሉ እየሳቁ። አፌን ከፈትኩ። እናኑ ፍራሽዋን በአንድ እጇ ደግፋ በሌላው ክንዴን ያዘችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። ቀስ ብላ፣ እኔ ብቻ እንድሰማ፣ «አባባ፣ እዚህ ቤት ስለ እኔ ምንም አይበሉ። አደራ» አለችኝ።

አፌን ገጠምኩ። ሰውየው የደከመኝ መስሏቸው ወንበር አመጡልኝ።

ዕቃው ሁሉ ከገባ በኋላ፣ አንዳርጌ መሸጎሪያውን ገጥሞ መኪናው ጋ ሲሄድ፣ ሁለታችን ቀረን። እሷ መጋረጃ እየሰቀለች ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ምስማሩ ትዝ አለኝ፤ ሞጣ ላይ ለጥቂት ቆሞ የቀጠለው ኳኳታ። «እናኑ፣ ሰምተሽ ኖሯል?» አልኳት።

አልዞረችም። «ያኔ ዱካው ላይ ቆሜ፣ አባባ ይቀልዳሉ፣ አሁን ያፈርሱታል ብዬ ጠበቅኩ» አለች። «ይህን ሁሉ ዓመት ታዲያ አይገባኝም፣ አይገባኝም ስልዎት፣ ቅኔው ያልገባኝ መሰለዎት?»

አይገባኝም። ይህን ቃል ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሰሙ «አልተረዳሁትም» ነው። ወርቁን ማንም የእኛ አገር ሕፃን ያወጣዋል፤ «ይህ እኔን የሚገባኝ አልነበረም፤ ምን በደልኩዎት?» ነው። ልጄ ሽሮዬን እያማሰለች፣ ጋቢዬን እያሰጣች፣ በየቀኑ ትጠይቀኝ ነበር። እኔ የኔታው፣ የሌላውን ወርቅ ሳወጣ የኖርኩት ሰውዬ፣ ያንዲቱን ልጄን ቃል ከሰሙ አላለፍኩም። ደነዘዘች አልኩ እንጂ ከሰሰችኝ አላልኩም።

ይቅር በይኝ አላልኳትም። አንደበቴ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ይቅር ካለችኝ እንቅልፌን አግኝቼ ልሄድ፣ ካላለችኝ ደግሞ ጨካኝ ላስመስላት፤ ይህንንም ሸክም ላሸክማት? እሷ እንደ ወጉ ጉልበቴን ሳመች፤ እኔም ግንባሯን ሳምኩ። እስከ ውጭው በር ሸኘችኝ። መኪናው ሳይነሳ ወደ ቤቷ ገባች፤ አዲሱ መሸጎሪያ ሲዘጋ ግቢው ሁሉ ሰማው። በሯን ዘጋች።

እንግዲህ ይኸው ነው። ተናዛዥ ሲጨርስ «አባቴ፣ ይፍቱኝ» ይላል። እኔ አልልዎትም፤ እርስዎም እንዳይፈቱኝ። ዕድሜዬን፣ ብቸኝነቴን፣ የአባትነት ፍቅሬን እየቆጠሩ እንዳያዝኑልኝ። ወይዘሮ ትርንጎ አልዋሹም፤ የልጁ እናት አልዋሸችም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ያውም እውነት እየመሰለ። ይቅርታ አይገባኝም። ይህን ቃል ግን ገልብጠው ወርቅ እንዳይፈልጉበት፤ እንዳለ ነው።